በፕራግ ምኵራብ ግድግዳ ላይ የተጻፉ ስሞች

ፕራግ የቼክ ሪፑብሊክ ዋና ከተማ ናት። ቭልታቫ የሚባለው ወንዝ መካከሏን ሰንጥቆ ሲያልፍ፥ በአንዱ ዳር በኮረብታ ላይ የጥንት ነገሥታት ግንብ፥ በሌላው ዳር ደግሞ ጠባብ ጎዳናዎችና ሰፊ የገበያ አደባባይ ያሉባት አሮጌዪቱ ከተማ ይታያሉ። ከአብያተ ክርስቲያናቷና ከግንቦቿ ሾጣጣ ጕልላት ብዛት የተነሣ ባለ መቶ ጕልላት ከተማ እየተባለች ትጠራለች። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብዙዎቹን የአውሮጳ ከተሞች ፍርስራሽ ሲያደርጋቸው፥ ፕራግ ከሞላ ጎደል ሕንፃዋ ሳይነካ ስለ ቀረ፥ ከስድስት መቶ ዓመት በፊት የተጠረበው ድንጋይ ዛሬም በስፍራው ቆሞ ይገኛል። ስለዚህ ከልዩ ልዩ አገር የሚመጡ መንገደኞች ውበቷን አይተው እያደነቁ ይመለሳሉ።

ነገር ግን በዚህች ውብ ከተማ ውስጥ ድንጋዩ ተርፎ ሰዎቹ የጠፉበት አንድ ስፍራ አለ። ይኸውም ጥንታዊው የአይሁድ ሰፈር ነው። ዛሬ አንባብያንን ይዘን ልንዞርበት የወደድነው በዚህ ሰፈር፥ በተለይም በውስጡ በሚገኘው ፒንካስ በሚባለው ምኵራብ ነው። የኮሙኒስት ፓርቲ ሰውን በዘሩና በሃይማኖቱ የማይለይ መንግሥት አቆማለሁ ብሎ ሥልጣን ከያዘ በኋላ፥ ከናዚዎች እልቂት የተረፉትን ጥቂት አይሁድ እንዴት አድርጎ እንደ ያዛቸው የዚህ ምኵራብ ግድግዳ ታሪክ በሚገባ ያስረዳል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የድልድዩ መስቀል

ወደ ሰፈሩ ለመሄድ መልካሙ መንገድ በ1357 መሠረቱ በተጣለው በንጉሥ ካርል ድልድይ ላይ ማለፍ ነው። በድልድዩ ግራና ቀኝ የቅዱሳን ምስሎች ተሰልፈው ይታያሉ። ከእነርሱም መካከል የጌታችን የስቅለቱ ምስል ሲኖር፥ በመስቀሉ ዙሪያ በወርቅ የተለበጡ የዕብራይስጥ ፊደላት ተጽፈዋል። ቃሉ ነቢዩ ኢሳይያስ ሱራፌል ሲያመሰግኑ የሰማው፥ ሦስት ጊዜ የሚደገመው የቅድስና ምስጋና ነው። ይህ ምስጋና በእኛ ቅዳሴ እንደሚሰማ ሁሉ በአይሁድም ምኵራብ ጸሎት ውስጥ ይሰማል።

ቃሉ ቅዱስ ነው፤ የተጻፈበት ምክንያት ግን ቅዱስ አልነበረም። በ1696 ኤልያስ ባኮፈን የሚባል የፕራግ አይሁዳዊ በመስቀሉ ላይ ተሳልቋል ተብሎ ተከሰሰና፥ የእነዚህን ፊደላት ዋጋ እንዲከፍል ተፈረደበት። ወገኖቹ በድልድዩ ላይ ባለፉ ቍጥር የገዛ ጸሎታቸው ቃል ለውርደታቸው ተሰቅሎ እንዲያዩት ተደረገ። የከተማዪቱ ሰዎች ይህን ተገንዝበው ታሪኩን የሚያስረዳ ጽሑፍ በምስሉ ሥር ያኖሩት በ2000 ነው።

ከዚያም በፊት ቢሆን በ1389 በትንሣኤ በዓል ሰሞን ሕዝብ በሰፈሩ ላይ ተነሥቶ ብዙ ነፍስ አጥፍቷል። ከዚያ እልቂት የተረፈው አቪግዶር ካራ የሚባለው ሊቅ ስለ ሞቱት የልቅሶ ቅኔ ጽፏል። በ1744 ደግሞ ንግሥት ማሪያ ቴሬዚያ አይሁድን ሁሉ ከፕራግ እንዲወጡ አዘዘች፤ እስከ 1748 ድረስም ሊመለሱ አልቻሉም። ልጇ ዮሴፍ ዳግማዊ ከነገሠ በኋላ ቀንበሩን ስላቀለለላቸው፥ ሰፈሩ በኋላ በስሙ ዮሴፎቭ ተባለ። ይህን ሁሉ አስቀድመን ያነሣነው፥ በአይሁድ ላይ የተደረገው ግፍ ከኮሙኒስቶች ጋር እንደ ተጀመረ አድርገን እንዳንናገር ነው። የክርስቲያን ነገሥታትና የክርስቲያን ሕዝብ እጅም በዚህ ነገር ንጹሕ አይደለም።

ሰፈሩና መቃብሩ

ከአሮጌው አደባባይ ወደ ሰሜን ጥቂት እንደ ተራመዱ የዮሴፎቭ ሰፈር ይገኛል። የጥንቱ ጠባብና ጨለማ ቤቶች በአሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት ማለቂያ አካባቢ ስለ ፈረሱ፥ ከቀድሞው የቀሩት ስድስት ምኵራቦች፥ የማኅበሩ አዳራሽና የመቃብሩ ስፍራ ናቸው። ከምኵራቦቹ አንዱ አሮጌ አዲስ ተብሎ የሚጠራው ነው፤ በ1270 ገደማ የተሠራ ሲሆን፥ እስካሁን ጸሎት ከሚደረግባቸው የአውሮጳ ምኵራቦች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው እርሱ ነው።

የመቃብሩን ስፍራ ያየ ሰው ቶሎ አይረሳውም። በ1439 ካረፈው ከአቪግዶር ካራ ድንጋይ ጀምሮ እስከ 1787 ድረስ ሰዎች ተቀብረውበታል። አይሁድ ከዚያ ውጭ እንዲቀብሩ ስላልተፈቀደላቸው፥ ቦታው በሞላ ጊዜ በአሮጌው መቃብር ላይ አፈር እየጨመሩ በላዩ ሌላ ቀበሩ፤ የበፊቱንም ድንጋይ ወደ ላይ እያወጡ ካዲሱ ጋር አቆሙት። ስለዚህ ዛሬ 12,000 ያህል ድንጋዮች አንዱ በሌላው ላይ ተደግፎ፥ አንዱ ጎንበስ ሌላው ቀና ብሎ፥ በዛፎች ሥር እንደ ተጨናነቀ ጉባኤ ሆነው ይታያሉ። በ1609 የሞተው ታዋቂው መምህር ረቢ ሌቭም በዚያ ተቀብሯል። ጎብኚዎች አበባ በማኖር ፈንታ በየድንጋዩ ላይ ትንንሽ ጠጠር ያስቀምጣሉ፤ ይህም የአይሁድ ልማድ ነው።

በዚያ ስፍራ ከተቀበሩት ብዙዎቹ ድንጋይ አላቸው፤ በድንጋዩም ላይ ስማቸው ተቀርጾ ይነበባል። በመቃብሩ አጥር ጥግ፥ በ1535 የሆሮቪትስ ቤተ ሰብ ባሠራው በፒንካስ ምኵራብ የሚታሰቡት ግን መቃብርም ድንጋይም የሌላቸው ናቸው።

ግድግዳው እንደ መጽሐፍ

የጀርመን ጦር መጋቢት አጋማሽ፥ ማለት ማርች 15 ቀን 1939 ፕራግ ሲገባ በቦሄሚያና በሞራቪያ ከ118,000 የሚበልጡ አይሁድ ይኖሩ ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ ከእነዚህ ውስጥ 80,000 ያህሉ ተገድለዋል። ብዙዎቹ መጀመሪያ የተወሰዱት ከፕራግ በስተ ሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ቴሬዚን ወደሚባለው የምሽግ ከተማ ነው። ከልዩ ልዩ አገር ከ140,000 የሚበልጡ ሰዎች በዚያ ታጉረው፥ 33,000 ያህሉ በረኃብና በበሽታ በዚያው ሞቱ፤ የሚበዙት ግን ወደ ምሥራቅ፥ ወደ አውሽቪትስና ወደ ሌሎቹ የመግደያ ስፍራዎች ተላኩ። በቴሬዚን ፍሪድል ዲከር ብራንዳይስ የምትባል ሠዓሊ ሕፃናቱን በስውር ሥዕል ታስተምር ነበር። እርሷ በ1944 በአውሽቪትስ ተገደለች፤ ሕፃናቱ የሣሏቸው ከ4,000 የሚበልጡ ሥዕሎች ግን ተርፈዋል። በሥዕሎቹ ላይ አበባ፥ ቢራቢሮ፥ በምሳ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጠ ቤተ ሰብ ይታያል። ከሠዓሊዎቹ ሕፃናት የሚበዙት አልተረፉም።

ከጦርነቱ በኋላ የአይሁድ ሙዚየም ኀላፊ የነበሩት፥ ራሳቸው ከቴሬዚን የተመለሱት ሐና ቮላቭኮቫ የፒንካስ ምኵራብ የሙታኑ መታሰቢያ እንዲሆን ደከሙ። ከ1954 እስከ 1959 ድረስ ቫትስላቭ ቦሽቲክና ዪርዢ ዮን የሚባሉ ሁለት ሠዓሊዎች በግድግዳው ላይ የ80,000 ያህል ሰዎችን ስም በእጃቸው ጻፉ። ስሞቹ በየከተማቸውና በየቤተ ሰባቸው ተከፍለው፥ የቤተ ሰቡ ስም በቀይ፥ የየሰዉ ስም፥ የተወለደበትና በሕይወት መኖሩ ለመጨረሻ ጊዜ የታወቀበት ቀን በጥቁር ቀለም ተጽፏል። በብራና መጻሕፍታችን የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ሲጻፍ ያየ አንባቢ የዚህን ሥራ ክብር ለመረዳት አይቸገርም። መታሰቢያው በ1960 ለሕዝብ ተከፈተ።

እስከዚህ ድረስ ብቻ ቢነገር፥ ያ መንግሥት ለአይሁድ ያዘነ ይመስላል። ነገር ግን ሠዓሊዎቹ ስሞቹን ለመጻፍ ብሩሽ ከማንሣታቸው ሁለት ዓመት በፊት በዚያችው ከተማ የተደረገውን መስማት ያስፈልጋል።

የፓንክራስ ፍርድ ቤት

ከከተማዪቱ መካከል በስተ ደቡብ ፓንክራስ በሚባለው ሰፈር አንድ ትልቅ ወኅኒ ቤትና ከእርሱ ጋር የተያያዘ ፍርድ ቤት አለ። ከኖቬምበር 20 እስከ 27 ቀን 1952 ድረስ ዐሥራ አራት የፓርቲና የመንግሥት ባለ ሥልጣኖች በዚያ ለፍርድ ቀረቡ። ዋናው ተከሳሽ ከ1945 እስከ 1951 የቼኮስሎቫኪያ ኮሙኒስት ፓርቲ ዋና ጸሓፊ የነበረው ሩዶልፍ ስላንስኪ ነው። በጁላይ 1951 ሃምሳ ዓመት ሲሞላው በአደባባይ ተመስግኖ ነበር፤ አራት ወር ሳይሞላ በሌሊት ተያዘ።

ከዐሥራ አራቱ ዐሥራ አንዱ አይሁድ ነበሩ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ይህ ራሱ በክሱ ጽሑፍ ላይ መመዝገቡ ነው። የእያንዳንዳቸው ስምና ሥራ ከተነገረ በኋላ በትውልዱ አይሁዳዊ መሆኑ በግልጥ ተጽፎ ተነበበ። እነዚህ ሰዎች ከወጣትነታቸው ጀምረው የአባቶቻቸውን ሃይማኖት ትተው፥ ሰብአዊነት በፓርቲው በኩል ይመጣል ብለው ያመኑ ነበሩ። ምኵራብ አይሄዱም፤ ሰንበትን አይጠብቁም፤ ከጽዮናውያን ማኅበር ጋርም ሲከራከሩ የኖሩ ናቸው። ሆኖም ጽዮናውያንና የምዕራባውያን ሰላዮች ናችሁ ተብለው ተከሰሱ። የዘር ልዩነት አይኖርም ያለው ፓርቲ የሰውን የትውልድ ሐረግ መቍጠር ጀመረ።

ምክንያቱን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በ1948 የእስራኤል መንግሥት ሲቋቋም ሶቪየት ኅብረት ፈጥና ዕውቅና ሰጠች፤ ቼኮስሎቫኪያም በሞስኮ ፈቃድ ጠመንጃና አውሮፕላን ሸጠችላት። ስታሊን አዲሱ መንግሥት ከእርሱ ጎን ይሰለፋል ብሎ ሳያስብ አልቀረም። ይህ ሳይሆን በቀረ ጊዜ ፊቱን አዞረ። በአገሩ ያሉት አይሁድም ለእስራኤል መቋቋም ያሳዩት ደስታ እንደ ክሕደት ተቈጠረባቸው። በጃንዩወሪ 1948 ታላቁ የአይሁድ ቴአትር ተዋናይ ሰሎሞን ሚኮኤልስ በሚንስክ ከተማ በጸጥታ ሰዎች ተገድሎ የመኪና አደጋ ነው ተባለ። በኦገስት 12 ቀን 1952 ሌሊት፥ በጦርነቱ ዘመን ናዚዎችን ለመቃወም የተቋቋመው የአይሁድ ኮሚቴ አባላት የሆኑ ደራስያንና ሌሎች፥ በድምሩ ዐሥራ ሦስት ሰዎች፥ በሞስኮ ተረሸኑ። በጃንዩወሪ 1953 ደግሞ የሶቪየት መሪዎችን በመድኀኒት ሊገድሉ አሲረዋል ተብለው አብዛኞቻቸው አይሁድ የሆኑ ሐኪሞች መያዛቸው በጋዜጣ ታወጀ። ስታሊን በማርች 5 ቀን ሲሞት፥ ወር ሳይሞላ ክሱ ሐሰት እንደ ነበረ ተነገረና በሕይወት የቀሩት ሐኪሞች ተፈቱ። የፕራግ ፍርድ እንግዲህ የዚህ የአንድ ነፋስ ሥራ ነው።

በፓንክራስ የተከሰሱት ሰዎች ለብዙ ወራት እንቅልፍ ተነፍገው፥ ተደብድበውና ተዋርደው፥ መልሳቸውን እንደ ትምህርት ቤት ልጅ በቃል አጥንተው ቀረቡ። ሁሉም ጥፋተኛ ነኝ አሉ። ንግግራቸው በራዲዮ ለሕዝብ ተሰማ። ከተከሳሾቹ የአንዱ ወጣት ልጅ በአባቱ ላይ ሞት እንዲፈረድ የሚጠይቅ ደብዳቤ ጻፈና ደብዳቤው በፓርቲው ጋዜጣ ታተመ። የሌላው ሚስት ባሏን የሚኰንን ደብዳቤ ላከች። አባትን ከልጅ፥ ሚስትን ከባል የሚለይ ፍርሃት በየቤቱ ገብቶ ነበር ማለት ነው። ያችው ሚስት በኋላ እውነቱን ባወቀች ጊዜ ለባሏ ነጻ መውጣት ደክማለች፤ ባሏ አርቱር ሎንዶንም በ1968 የታሪኩን መጽሐፍ አሳትሟል።

ዐሥራ አንዱ የሞት ፍርድ፥ ሦስቱ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። ፕሬዚዳንቱ ክሌመንት ጎትቫልት የስላንስኪ የረጅም ዘመን ወዳጅ ነበረ፤ ሆኖም የምሕረት ልመናውን አልተቀበለም። በዲሴምበር 3 ቀን 1952 ንጋት ዐሥራ አንዱ በስቅላት ተገደሉ፤ ከእነርሱም ስምንቱ አይሁድ ነበሩ። አስከሬናቸው ተቃጥሎ አመዱ ከፕራግ ውጭ በበረዶ በተሸፈነ መንገድ ላይ ተበተነ። ለቤተ ሰቦቻቸው መቃብር አልተሰጣቸውም።

ስለ ስላንስኪ እውነቱን ሁሉ መናገር ይገባል። እርሱ ራሱ ከዚያ የፍርሃት ሥርዓት ሠሪዎች አንዱ ነበረ። በ1949 ከጎትቫልት ጋር ሆኖ የሞስኮ የጸጥታ አማካሪዎች ወደ አገሩ እንዲመጡ ጠይቋል። በ1950 ሚላዳ ሆራኮቫ የምትባለው የቀድሞ የሕዝብ እንደራሴ በሐሰት ክስ በዚያው በፓንክራስ ስትሰቀል፥ በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወርም ገዳማት በአንድ ሌሊት ተከበው መነኮሳቱ ሲጋዙ፥ የፓርቲው ዋና ጸሓፊ እርሱ ነበረ። ለሌላው የተቈፈረው ጕድጓድ ለቈፋሪውም በቃ። ቢሆንም የተሰቀለው በሠራው ጥፋት አይደለም፤ ባልሠራው ክሕደትና በተወለደበት ዘር ነው እንጂ።

የአንዲት ሴት ታሪክ

ከተሰቀሉት መካከል የውጭ ንግድ ምክትል ሚኒስትር የነበረው ሩዶልፍ ማርጎሊየስ ይገኝበታል። እርሱና ሚስቱ ሔዳ ከፕራግ ወደ ሎድዝ ጌቶ፥ ከዚያም ወደ አውሽቪትስ ተወስደው ከሞት የተረፉ ናቸው። ሔዳ በጦርነቱ ማብቂያ ላይ እስረኞች በእግር ሲነዱ አምልጣ ፕራግ ገባች፤ ባሏንም እንደ ገና አገኘችው። እርሱ እንዲህ ያለው መከራ ዳግመኛ እንዳይመጣ ፓርቲው ይከላከላል ብሎ በቅን ልብ አባል ሆነ። በዚያ ዘመን እንደ እርሱ ያሰቡ ከካምፕ የተመለሱ አይሁድ ብዙዎች ነበሩ፤ ከናዚዎች ያዳናቸው ቀይ ጦር መሆኑን አይተዋልና።

በጃንዩወሪ 1952 ተያዘ። በተሰቀለ ጊዜ ዕድሜው 39 ዓመት፥ ልጁም የአምስት ዓመት ሕፃን ነበረ። ሔዳ ከመገደሉ በፊት በነበረው ሌሊት በወኅኒ ቤቱ የሽቦ መረብ ከመካከላቸው ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ ተሰናበተችው። ከዚያ በኋላ የከሐዲ ሚስት ተብላ ከሥራና ከቤት ተባረረች፤ የሚያውቋት ሰዎች በመንገድ ሲያዩዋት ፊታቸውን አዞሩ። በ1963 ፍርዱ ስሕተት ነበር ተብሎ ሲሰረዝ ነገሩ ለሕዝብ በሰፊው እንዳይነገር ተደረገ። እርሷ ግን በ1968 ከአገር ወጥታ የሕይወት ታሪኳን ጻፈች፤ በ1996 ወደ ፕራግ ተመልሳ በ2010 በዚያው ዐረፈች። ናዚዎች ሊያጠፉት ያልቻሉትን ሰው ነጻ አወጣሁት የሚለው ፓርቲ ሰቀለው፤ የዚህን ቤተ ሰብ ታሪክ ከባድ የሚያደርገው ይህ ነው።

ከጎዳናው ማዶ የታየው ሐውልት

እንግዲህ ወደ አይሁድ ሰፈር እንመለስ። ከአሮጌ አዲስ ምኵራብ አጠገብ የሚያልፈው የፓሪስ ጎዳና በቀጥታ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ከወንዙ ማዶም ሌትና የሚባለው ኮረብታ ይታያል። በሜይ 1 ቀን 1955 በዚያ ኮረብታ ላይ 15 ሜትር ያህል ቁመት ያለው የስታሊን የድንጋይ ሐውልት ተመረቀ። ሠዓሊዎቹ በፒንካስ ግድግዳ ላይ የሙታንን ስም ሲጽፉ፥ ያ ሐውልት ከማዶ ሆኖ ሰፈሩን ቍልቍል ይመለከት ነበር። በ1962 ግን የገዛ ፓርቲው በፈንጂ አፈረሰው። ከ1991 ጀምሮ በስፍራው የቆመው፥ የጊዜን ማለፍ እያስታወሰ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ትልቅ የሙዚቃ ምት መቍጠሪያ ነው።

የስታሊን ሐውልት ፈረሰ፤ የእርሱ ሐሳብ ግን ከሐውልቱ ጋር አልፈረሰም። በ1950 ሙዚየሙ ወደ መንግሥት እጅ ገብቶ ነበር። ናዚዎች ባጠፏቸው ማኅበሮች ይነበቡ የነበሩ የኦሪት ብራናዎች በሚክሌ ሰፈር ባለ አንድ የተዘጋ ምኵራብ ውስጥ በርጥበት ተከምረው ቆዩ። መንግሥቱ የውጭ ገንዘብ ስለ ፈለገ በ1964 ከእነርሱ 1,564ቱን ለእንግሊዝ አገር ሸጠ። ብራናዎቹ ለንደን ሲደርሱ አንዳንዱ ተቃጥሎ፥ አንዳንዱ በጸሎት መጐናጸፊያ ተጠቅልሎ ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ ታድሰው በልዩ ልዩ አገር ምኵራቦች ይነበባሉ፤ የጠፋው ማኅበር ንባብ በሌላ አገር ቀጠለ ማለት ነው።

በ1967 በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ሲነሣ ቼኮስሎቫኪያ እንደ ሶቪየት ኅብረት ከእስራኤል ጋር ያላትን ግንኙነት አቋረጠች። በሚቀጥለው ዓመት በጎረቤቷ በፖላንድ የኮሙኒስት ፓርቲው በጽዮናውያን ስም ዘመቻ ስለ ከፈተ፥ ከ13,000 የማያንሱ አይሁድ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዜግነታቸውን ትተው ተሰደዱ። በኦገስት 1968 የሶቪየት ታንኮች ፕራግ ሲገቡም ብዙ አይሁድ አገራቸውን ለቀቁ።

በዚያው በ1968 የፒንካስ ምኵራብ ተዘጋ። ከመሬት ሥር የሚወጣው ውሃ ግድግዳውን አርሶት ስለ ነበረ መጠገን ያስፈልገው ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ጥገናው ከሃያ ዓመት በላይ ተጓተተ። ልስኑ እየተላጠ ወደቀ፤ ሠዓሊዎቹ አምስት ዓመት የደከሙባቸው ስሞችም ጠፉ። አንድን ሕዝብ ለማስረሳት ሁልጊዜ አዋጅ አያስፈልግም፤ የሚፈስሰውን ውሃ ዝም ብሎ ማየት ይበቃል።

ስሞቹ ከግድግዳው በሚጠፉበት ጊዜ ግን ሌላ የስም መዝገብ ይጻፍ ነበር። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የምሥጢር ፖሊሱ ሸረሪት የሚል ስም በሰጠው ሥራ በአገሪቱ የሚኖሩትን በትውልድ አይሁድ የሆኑ ሰዎች እየፈለገ መዘገበ። ከእልቂት የተረፈ ሰው በመንግሥት መዝገብ ላይ ስሙ በዘሩ ሲጻፍ ምን እንደሚሰማው ማንም ሊገምተው ይችላል፤ ናዚዎችም ሥራቸውን የጀመሩት ስም በመመዝገብ ነውና።

ስሞቹ እንደ ገና ተጻፉ

በኖቬምበር 1989 የኮሙኒስት መንግሥት ወደቀ። ከ1992 እስከ 1996 ድረስ በፒንካስ ግድግዳ ላይ 80,000ው ስም እንደ ገና አንድ በአንድ ተጻፈ። ሙዚየሙም በ1994 ከመንግሥት ወደ አይሁድ ማኅበር ተመለሰ። በኦገስት 2002 የቭልታቫ ወንዝ ሞልቶ ሰፈሩን ሲያጥለቀልቅ፥ ውሃ ዳግመኛ ገብቶ የታችኞቹን ስሞች አበላሸ። በዚህ ጊዜ ግን ሃያ ዓመት አልተጠበቀም፤ ወዲያው ታደሱ። ውሃው አንድ ነው፤ ልዩነቱ በሰዎቹ ፈቃድ ላይ ነው።

እንግዲህ በፕራግ ሁለት ዐይነት የስም አጻጻፍ አይተናል። አንዱ በፓንክራስ የክስ ጽሑፍና በምሥጢር ፖሊሱ መዝገብ ላይ ያለው ነው፤ በዚህ የሰው ስም የሚጻፈው ለመወንጀል ነው፤ ከስሙም ይልቅ ዘሩ ይበልጣል። ሁለተኛው በፒንካስ ግድግዳ ላይ ያለው ነው፤ በዚህ ስሙ የሚጻፈው ሰውየው የእናትና የአባት ልጅ እንደ ነበረ፥ በአንድ ቀን እንደ ተወለደ እንዳይረሳ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለሙታን ስትጸልይ እያንዳንዱን በክርስትና ስሙ ትጠራለች፤ በእግዚአብሔር ፊት የሚቆመው ሕዝብ በጅምላ ሳይሆን ሰው ሁሉ በየስሙ መሆኑን ታውቃለችና። ስለዚህ ይህን ግድግዳ የሚያይ ክርስቲያን ሐሳቡ እንግዳ አይሆንበትም።

በፒንካስ ምኵራብ ውስጥ የሚቆም ሰው 80,000 ስም ሊያነብ አይችልም። አንድ ከተማ መርጦ በቀይ የተጻፈውን የአንድ ቤተ ሰብ ስም ፈልጎ በቀስታ ቢያነብ ይበቃል። በመጀመሪያ የአባቱን፥ ቀጥሎ የእናቲቱን፥ ከዚያም የልጆቹን ስም ያገኛል፤ የተወለዱበትን ዓመት ሲያሰላም ታናሹ ስንት ዓመቱ እንደ ነበረ ያውቃል። ከዚያ ወጥቶ በመቃብሩ አጠገብ ሲያልፍ፥ ጠጠር አንሥቶ በድንጋይ ላይ የሚያኖሩትን ሰዎች ነገር ሳይነግሩት ይገባዋል።